ድንኳኑ፣ ውርጩና የውሻው ሒሳብ

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ድንኳን የማውቀው ለሠርግና ለለቅሶ ነው። ሰው ቤት እያለው ገንዘቡን አውጥቶ፣ ተራራ ወጥቶ መሬት ላይ የሚተኛበትን ምክንያት አራት ዓመት የተማርኩት ኢኮኖሚክስም አላስረዳኝም። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጓደኞቼ «ደንቆሮ ጫካ እንሂድ» ሲሉኝ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ «ሆቴሉ እንዴት ነው?» ሆቴል የለም አሉኝ። ብቻዬን ከምቀር ብዬ ሄድኩ።

ስሙ ያስቃል እንጂ ቦታው ቀልድ አይደለም። ደንቆሮ ጫካ በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም አቅራቢያ፣ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም ለመድረስ ደግሞ ሌላ 180 ገደማ አለ። መንገዱ ደጋውን ይዞ ነው የሚሄደው፤ የገብስ ማሳ፣ የበግ መንጋ፣ ደጁ ላይ ኩበት የተቆለለ ቤት። ዛፍ በሌለበት አገር ማገዶው ኩበት ነው፤ ማሳው ላይ ማዳበሪያ መሆን የነበረበት ምድጃ ውስጥ ያልቃል። በመማሪያ መጽሐፍ «አማራጭ ዋጋ» የሚባለው ነገር ማለት ይኸው ነው።

ከመካነ ሰላም ወዲያ ዕቃችንን በቅሎ ላይ ጭነን በእግር ቀጠልን። ታች ጥድና ኮሶ፣ ከፍ ሲል አስታ፣ ከዚያ በላይ ጓሳ ሣርና ጅብራ። ድንኳን የተከልነው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

ፀሐይ ስትገባ ብርዱ በአንዴ መጣ። ስልኬ 40 ፐርሰንት እያሳየ ድርግም አለ፤ ባትሪ ብርድ አይወድም። ፓስታው አልበስል አለ፤ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ምግብ ይዘገያል። ያሞቀኝ ከአካባቢው የተከራየነው የበግ ፀጉር ባና ነው፤ ውድ የተባለው የመኝታ ከረጢት ከንፋስ አላለፈም። ሌሊት ጅብ ሲጮህ የአንድ እረኛ ውሻ መጥቶ ድንኳናችን በር ላይ ተጋደመ። ያን ጊዜ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ጠዋት ጭላዳዎች ከገደሉ ወጡ። የሚያድሩት ገደል ላይ ነው፤ ሲነጋ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ይግጣሉ። በመሀላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ አይጥ እየፈለገ ዝም ብሎ ይሄዳል። እነሱ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። የትም ዓለም ብትሄዱ ቀይ ቀበሮን ከኢትዮጵያ ውጭ አታገኙትም፤ ለአቅመ መራባት የደረሰው ቁጥሩም ከ500 አይበልጥም ይባላል።

«ጋሼ፣ ቀበሮውን ምንድን ነው የሚያጠፋው?» አልኩት መሪያችንን።

በአገጩ ወደ ድንኳናችን አመለከተኝ። «ያ ትናንት ያስተኛህ ውሻ።»

ነገሩ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ያልተከተበ ውሻ ከእረኛ ጋር ሜዳው ላይ ይውላል፣ በሽታውን ለቀበሮ ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ ወረርሽኙ በገባበት ሸለቆ ከ4 ቀበሮ 3ቱ ገደማ አልቀዋል።

«ታዲያ ውሻውን ለምን አያስወግዱትም?» ስል ጋሼ ሳቀብኝ። «ልጄ፣ ቀበሮው ለእናንተ ብርቅ ነው። በጌን ከጅብ የሚጠብቅልኝ ግን ውሻው ነው።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ትክክል ነዋ! በአንድ በግ የልጅ ደብተርና ጨው የሚገዛ ሰው ውሻውን አስወግድ ሊባል አይችልም። መፍትሔው ክትባት ነው። ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው፦ ውሻውን ይዞ ተራራ ወርዶ ቀኑን የሚያቃጥለው እረኛው ነው፣ በቀበሮው መትረፍ የሚጠቀመው ደግሞ መላው ዓለም። ወጪው አንድ ሰው ላይ፣ ጥቅሙ ሁሉም ላይ ሲሆን ሥራው ሳይሠራ ይቀራል። እረኛው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማንም ስላልከፈለው ነው።

እንግዳ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሆቴል በሌለበት ቦታ የሚያድር ሰው ብሩ በቀጥታ ለበቅሎ ባለቤት፣ ለባና አከራይ፣ ለመሪ ይደርሳል። ቀበሮው ገቢ የሚያመጣ ከሆነ ውሻ ማስከተብ ለእረኛውም ያዋጣዋል። ጥቂት እንግዳ ብቻ ይህን አይሸፍንም፤ የክልሉ የእንስሳት ጤና ሥራም እዚያ ተራራ ድረስ መውጣት አለበት።

የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለመሄድ ካሰባችሁ ደግሞ የጋዝ ምድጃ ያዙ፤ አስታ ቆርጣችሁ አታንድዱ። የራሳችሁን ውሻ አታምጡ። ፍርፋሪ ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ ውሻውን ወደ ቀበሮው ሰፈር የሚጠራው እሱ ነው። ባናውን እዚያው ተከራዩ፣ በዋጋም አትከራከሩ።

እኔ ድንኳን አሁንም አልወድም። ወገቤ ሦስት ቀን አሞኛል። ግን ደንቆሮ ጫካ ላይ ሆቴል ይሠራ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ «ይቅር፣ መጀመሪያ ውሾቹ ይከተቡ» ነው።