ያውቁ ኖሯል? አሮጌውን አኳሪየም ማደስ

ሰው ሲጠቀምበት የቆየ ትልቅ አኳሪየም ብዙ ጊዜ ከአዲሱ በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል። መስታወቱ ነጭ ቅርፊት ለብሶ፣ ሲሊኮኑ ጠቁሮ ሲያዩት ያበቃለት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚድን ነው። ቁም ነገሩ ሥራውን በቅደም ተከተል መያዝ ነው፦ መጀመሪያ ክብደቱ፣ ቀጥሎ መስታወቱ፣ ከዚያ ውሃው፤ ዓሣው የመጨረሻው ነው።

• ርዝመቱ 150፣ ስፋቱ 50፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እስከ አፉ ሲሞላ 375 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ 375 ኪሎ ነው፤ መስታወቱ፣ ጠጠሩና መቆሚያው ሲታከሉበት ግማሽ ቶን ገደማ ይደርሳል። የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ይህን አይሸከምም፤ መቆሚያው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት።

• የውሃ ግፊት የሚወሰነው በገንዳው ስፋት ሳይሆን በጥልቀቱ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ከላይ በጠቀስነው ገንዳ የፊት መስታወት ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ጭነት 187 ኪሎ ያህል ነው። ከፍታው በ10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጨምር 270 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የተሰነጠቀ መስታወት ሲቀየር አዲሱ ከቀድሞው መሳሳት የሌለበት ለዚህ ነው።

• ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ዣን ቪልፕሮ-ፓወር እ.ኤ.አ. በ1832 በሲሲሊ ደሴት የባሕር እንስሳትን በመስታወት ገንዳ አኑራ ታጠና ነበር። የለንደን የእንስሳት መጠበቂያም እ.ኤ.አ. በ1853 የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ክፍት አደረገ። በዚያ ዘመን መስታወቱ የሚያያዘው በብረት ፍሬምና በስቱኮ ነበር። መስታወትን ከመስታወት ያለ ፍሬም ማያያዝ የተቻለው ሲሊኮን ከመጣ በኋላ ነው።

• አዲስ ሲሊኮን በደረቀ አሮጌ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይጣበቅም። ስለዚህ የሚያፈሰውን ቦታ ብቻ መለጠፍ ዋስትና የለውም። በውስጥ በኩል ያለውን መስመር ሁሉ በምላጭ ገፎ፣ መስታወቱን በአልኮል ጠርጎ፣ በአንድ ጊዜ እንደ አዲስ መቀባት ያስፈልጋል።

• ለአኳሪየም የሚውለው ሲሊኮን ሲደርቅ እንደ አቼቶ የሚሸተው በእርግጥም አሴቲክ አሲድ ስለሚያመነጭ ነው። ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ውሃ አይጨመርም። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የሻጋታ መከላከያ ኬሚካል ስላለበት ለዓሣ አይሆንም።

• በመስታወቱ ላይ የሚታየው ነጭ ቅርፊት ውሃው ሲተን ትቶት የሄደው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ያሟሟዋል። ሳሙና ግን አይነካው፤ ቅሪቱ ዓሣን ይጎዳል። ገንዳው የመስታወት ሳይሆን የአክሪሊክ ከሆነ ምላጭም አይቅረበው፤ በቀላሉ ይጫራል።

• በረኪናና አቼቶ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ እንደሚወጣ ያውቁ ኖሯል? ባዶ ገንዳ በውሃ በቀጠነ በረኪና ሊጸዳ ይችላል፤ ነገር ግን ደጋግሞ ታጥቦ ሳይደርቅ አቼቶ አይጨመርበትም።

• የቀድሞውን ባለቤት “መድኃኒት ተጠቅመው ያውቃሉ?” ብሎ መጠየቅ ብልህነት ነው። ለዓሣ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መዳብ አለባቸው። ዓሣ የሚቋቋመው መጠን ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላል።

• የታደሰ ገንዳ ሳሎን ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ ተሞልቶ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። ደረቅ ወረቀት ከሥሩ ቢነጠፍ ትንሿ ፍሳሽ እንኳ ትጋለጣለች። መቆሚያው በግንበኛ ውሃ ልክ ይለካ፤ ያዘነበለ ገንዳ መጋጠሚያው ላይ እኩል ያልሆነ ጫና ያርፍበታል። ውሃ ወይም ጠጠር እንዳለበት ደግሞ ፈጽሞ አይነሣም።

• ከወንዝ ዳር ያመጡት ድንጋይ ላይ አቼቶ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ከደፈቀ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ቀስ በቀስ እየሟሟ የውሃውን የኖራ መጠን ይጨምራል።

• ለሰው ጤና ሲባል በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ውሃውን በአየር ፓምፕ እያናፈሱ አንድ ቀን ማሳደር ክሎሪኑን ያስወጣል። ክሎራሚን ከተጨመረበት ግን ማሳደር አይበቃም፤ ማርከሻ ያስፈልገዋል።

• አዲስ በተሞላ ገንዳ ዓሦችን በብዛት የሚገድለው በሽታ ሳይሆን ከራሳቸው የሚወጣው አሞኒያ ነው። አንደኛው የባክቴሪያ ቡድን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበረክቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ጥቂት የአሞኒያ ምንጭ እየሰጡ ያለ ዓሣ ይጠብቁ። በመለኪያ ሲታይ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ዓሣው በጥቂት በጥቂቱ ይገባል።

• ጤናማ ዓሦች ካሉበት ገንዳ የተወሰደ እርጥብ የማጣሪያ ስፖንጅ ይህን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥራል። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ግን ባክቴሪያዎቹን መግደል ነው፤ ከዚያው ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

• የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በእኩል ሙቀት ውሃዋ የሚይዘው ኦክስጅን ከጅቡቲው በሩብ ገደማ እንደሚያንስ ያውቁ ኖሯል? በከፍተኛ ቦታ የሚኖር ሰው የዓሣውን ቁጥር መቀነስና የውሃውን ገጽ አጥብቆ ማንቀሳቀስ አለበት።

• መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አጥተው መሞት ይጀምራሉ። መብራቱ ሲመጣ ማጣሪያውን ከፍቶ ሳያለቀልቁ ማስነሣት የቆሸሸውን ውሃ ዓሦቹ ላይ መድፋት ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ብዙ ሕይወት ያተርፋል።

• በጣና ሐይቅ ብቻ የሚኖሩ፣ በዓለም ሌላ የትም የማይገኙ የቢልጫ ዓሣ ዝርያዎች ከአሥር በላይ ናቸው። ጎልድፊሽን የመሰለ መጤ ዓሣ ወደ ሐይቅ ሲለቀቅ ይገዝፋል፣ ጭቃውን እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የሌሎችን ዕንቁላል ይበላል። አሮጌውን ገንዳ ከነዓሦቹ ከተረከቡና ማኖር ካልቻሉ ለሌላ አርቢ ወይም ለሻጭ ይስጧቸው፤ ወደ ወንዝም ወደ ሐይቅም ፈጽሞ አይልቀቋቸው።