ሳይቁላላ የሚሠራ የቲማቲም ፓስታ

ፓስታ ሊሠሩ ነው እንበል። ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ያቁላላሉ፣ የቲማቲም ድልህ ይጨምራሉ፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ ስጎው እስኪወፍር ይጠብቃሉ። ጥሩ ምግብ ነው። ቲማቲሙ ቀልቶና በርክቶ በሚመጣበት በበጋ ግን ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም። ቲማቲሙ እሳት ላይ ሳይጣድ በትኩሱ ፓስታ ሙቀት ብቻ ስጎ ይሆናል። «ስጎ» የሚለውን ቃል የወሰድንባቸው ጣሊያኖች እንዲህ ያለውን «ሳልሳ ክሩዳ» ይሉታል፤ ጥሬ ስጎ ማለት ነው። የሚሠሩት በእነሱ በጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያን ጊዜ እኛ ጋ ዝናብ ነው።

የእኛ ወቅት መቼ ነው ታዲያ? ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከመቂና ከዝዋይ (ባቱ) አካባቢ በመስኖ የለማው ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ተጭኖ ይገባል። ሁዳዴም የሚውለው በዚሁ ወቅት ስለሆነ ለጾመኛ ቤት የተመቸ ምግብ ነው። በክረምት እርጥበቱ በሽታ ስለሚያመጣበት ቲማቲም ይወደዳል፣ ጣዕሙም ውሃ ውሃ ይላል። ያን ጊዜ ወደ ድልሁ መመለስ ይሻላል።

ቲማቲም ሲመርጡ ከቀለሙ ይልቅ ሽታውን ይመኑ። ግንዱ የነበረበትን እንብርቱን ያሽትቱ፤ የቲማቲም ቅጠል የሚመስል ሽታ ካለው ደርሷል። ረጅም መንገድ የሚጓዘው ብዙውን ጊዜ ሳይበስል ስለሚለቀም ገና ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ከበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ውስጥ ጠቅልለው ሁለት ሦስት ቀን ያቆዩት። ሙዙ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ፍራፍሬን ያበስላል። ፍሪጅ ውስጥ ግን አያስገቡት፤ ብርዱ መዓዛውን ያጠፋዋል።

ለአምስት ሰው ግማሽ ኪሎ ፓስታ፣ አንድ ኪሎ ቲማቲም፣ ሦስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ቃሪያና ጥቂት ትኩስ የበሶብላ ቅጠል ይበቃል። በሶብላችን ጣሊያኖች ፓስታ ላይ ለሚበትኑት ቅጠል የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሽታው ጠንካራ ስለሆነ አራት አምስት ቅጠል ከበቂ በላይ ነው።

ጥሬ ቲማቲም አያሳምምም ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አሜባና ታይፎይድ የማያውቅ ቤት የለም። መፍትሔው ለፓስታው በጣዱት ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው ሲፈላ፣ ፓስታውን ከመጨመርዎ በፊት፣ በደንብ የታጠቡትን ቲማቲሞች ሳይቆርጡ ለአንድ ደቂቃ ያስገቧቸው። ሙቀቱ ቆዳው ላይ ያለውን አብዛኛውን ተህዋስ ይገድላል። ከዚያ ቆዳው ራሱ ስለሚሸበሸብ በጣትዎ ይላጡት። የተሰነጠቀ ወይም የተመታ ቲማቲም ለዚህ አይሆንም፤ ለወጥ ያድርጉት። ቤት ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም ታማሚ ካለ ደግሞ ቲማቲሙን አሥር ደቂቃ ያህል ያንተክትኩት። ጣዕሙ ይለወጣል እንጂ አይበላሽም።

የተላጠውን ቲማቲም በሰፊ ሳህን ላይ በጣት ጫፍ ልክ ይክተፉት። ፍሬዎቹ የተኙበትን ዝልግልግ ነገር አደራ አይጣሉት፤ ጣዕሙ ከሥጋው ይልቅ የተከማቸው እዚያ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰው ያዋህዱና ሩብ ሰዓት ይተዉት። ተመልሰው ሲያዩት የቲማቲሙ ጠርዝ ለስልሷል፤ ሳህኑ ሥር ብርቱካንማ ቀለም ያለው ውሃ ተጠራቅሟል። ጨው ከቲማቲሙ ውስጥ ያለውን ውሃ ስቦ ያወጣል። ቲማቲም ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ የሚወጣው ቀላል አይደለም። ስጎው የሚጀምረው ከዚህ ውሃ ነው።

ነጭ ሽንኩርቱን በስሱ ከትፈው ከዘይቱ ጋር በትንሽ እሳት ያሙቁት። ዳር ዳሩ ገና ወርቃማ መምሰል ሲጀምር ያውርዱት፤ ከጠቆረ ይመራል። የወይራ ዘይት ካለ መልካም ነው፤ ከሌለም የሱፍ ዘይት የነጭ ሽንኩርቱን ጣዕም ከያዘ ይበቃል። ለብ ሲል ከቃሪያው ጋር ቲማቲሙ ላይ ያፍሱት።

አሁን ወደ ፓስታው። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ፓስታ ሲገዙ ከዱረም ስንዴ የተሠራውን ይምረጡ። ዱረም በባሌና በአርሲ የሚበቅል ፍሬው ጠንካራ ስንዴ ነው፤ ፓስታው ቢጫ ቀለም ይኖረዋል፣ ሲበስልም አይላቁጥም። በትልቅ ድስት አራት ሊትር ያህል ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ይፈልጋል። ፓስታው ራሱ ጨው የሚያገኘው ሲቀቀል ብቻ ስለሆነ አይሳሱ።

ማሸጊያው ላይ 9 ደቂቃ ይላል፤ ለምን አይበስልልኝም? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ይፈላል። እሳቱን ቢጨምሩት እንኳ የውሃው ሙቀት ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምሩበት። ድሬዳዋ የሚኖሩ ከሆነ ግን ማሸጊያው ከሚለው ብዙም አይርቅም። ከሰዓቱ ይልቅ ጥርስዎን ይመኑ፤ አንድ ፍሬ አውጥተው ሲነክሱ መሐሉ ላይ ትንሽ የሚከለክል ነገር ካለ ደርሷል። ጣሊያኖች «አል ዴንቴ» የሚሉት ይህን ነው፤ ለጥርስ የሚሆን እንደማለት ነው።

ፓስታውን ከማጥለልዎ በፊት ከውሃው አንድ ብርጭቆ ይቅዱ። አብዛኞቻችን ድስቱን ዘንበል አድርገን ያንን ደፍረስ ያለ ውሃ ከነእንፋሎቱ እንደፋዋለን፤ ከዚያም ፓስታው እንዳይጣበቅ ብለን በቀዝቃዛ ውሃ እናለቀልቀዋለን። በሁለቱም እንከስራለን። ውሃው ውስጥ ከስንዴው የወጣ ስታርች፣ ማለትም እንደ ሙቅ የሚያወፍር ነገር አለ። ዘይቱንና የቲማቲሙን ውሃ አያይዞ ወፍራም ስጎ የሚያደርጋቸው እሱ ነው። የተለቀለቀ ፓስታ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ስጎም አይይዝም።

ትኩሱን ፓስታ ወዲያው ቲማቲሙ ላይ ይገልብጡት። ከቀዱት ውሃ ሩብ ብርጭቆ ጨምረው ለአንድ ደቂቃ ያህል ከሥር ወደ ላይ በኃይል ያገላብጡት። መጀመሪያ ቀጭን ውሃ ይመስላል፤ ትንሽ ቆይቶ ፓስታውን እየለበሰ ያብረቀርቃል። ከደረቀብዎ ጥቂት ውሃ ይጨምሩ። በሶብላውን በእጅዎ ቀድደው መጨረሻ ላይ ይበትኑበት።

ወጪውስ? የቲማቲም ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ በልኩ ያስሉት። ስድስት ማንኪያው 90 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ አንድ ሊትር ዘይት አሥራ አንድ ጊዜ ያህል ያሠራል። ድልህ አይገዙም፣ ሽንኩርት አያቁላሉም። ከሰሉ ወይም መብራቱ የሚሄደው ለአንድ ድስት ውሃና ነጭ ሽንኩርቱን ለማሞቅ ብቻ ነው። ውሃውን ከድነው ካፈሉት ደግሞ ቶሎ ይደርሳል።

ጾም ካልሆነ ትኩስ አይብ ይፈርፍሩበት፤ ከቲማቲሙ ጋር እንደዚህ የሚስማማ ነገር አላገኘሁም። በጾም ደግሞ የደቡብ ጣሊያን ድሆች አይብ ሲያጡ ያደርጉት የነበረውን ያድርጉ። የደረቀ ዳቦ ፈርፍረው በትንሽ ዘይት ቡናማ እስኪሆን ይቁሉና ከላይ ይነስንሱት።

ይህ ፓስታ አያድርም፤ ቲማቲሙ ውሃ እያወጣ ያላሽቀዋል። ከተረፈ በማግስቱ ጠዋት ሰፋ ባለ መጥበሻ ላይ ዘርግተው ሳይነካኩ ይጥበሱት። ሥሩ ቡናማ ሲሆን ይገልብጡት፤ በእንጀራም ቢበሉት ይጣፍጣል።