ምስጥና የተራቆተ መሬት በወለጋ

ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ፣ በቢላ፣ በነጆና በመንዲ አካባቢ ያለ ገበሬ ምስጥን ማንም እንዲያስተዋውቀው አይፈልግም። ሊደርስ የተቃረበ በቆሎ ከሥሩ ተበልቶ ሲወድቅ፣ የቤት ማገርና ምሰሶ ውስጥ ውስጡን ሲያልቅ አይቷል።

ምስጥ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ትልቁን ኩይሳ የሚሠራው ማክሮተርመስ ደረቅ ሣርና እንጨት ወደ ጎጆው እያስገባ እንጉዳይ ያበቅልበታል፤ የሚመገበውም ይህንኑ ነው። በኩይሳው ውስጥ፣ በጠጣር ጭቃ በታጠረ ክፍል፣ ንግሥቲቱ በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ማይክሮተርመስ የሚባለው ደግሞ ኩይሳ የለውም። ከማሳው በታች ተሠራጭቶ ይኖራል፤ ሰብልን ከሥር በመብላት የሚታወቀውም እሱ ነው።

ለዚህ ነው ኩይሳ እየበሱ መርዝ መጨመር ማሳውን ያላዳነው። እንደ አልድሪን ያለው መርዝ በአፈር ውስጥ ወደ ዲልድሪን ተለውጦ ለዓመታት ይቆያል፣ በእንስሳትና በሰው ስብ ውስጥም ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ሁለቱንም ከሚወገዱ ኬሚካሎች ተርታ አስፍሯቸዋል።

ንግሥቲቱን ቆፍሮ ማውጣት መርዝ የሌለበት ዘዴ ነው። ጉልበት ይጠይቃል፤ የሚሠራውም ኩይሳ ባለው ምስጥ ላይ ብቻ ነው። ሜታራይዚየም የተባለው፣ ነፍሳትን የሚያጠቃ ፈንገስም በምርምር ተሞክሯል።

ዋናው ጉዳይ ግን የምስጡ ቀለብ ነው። ምስጥ በተፈጥሮው የደረቀ ሣር፣ የረገፈ ቅጠልና ፋንድያ ይበላል። ግጦሹ ሲራቆትና ደኑ ሲመነጠር የሚያገኘው የቆመውን ሰብል ይሆናል። ስለዚህ መሬቱን መልሶ ማልበስ ራሱ ተባይ መከላከል ነው፤ ብዙ ትኩረት የሚገባውም ይህ ሥራ ነው። በኡጋንዳ ናካሶንጎላ ምስጥ ባራቆተው ግጦሽ ላይ ከብት እንዲያድር ተደርጎ ሣር ሲዘራበት መሬቱ አገግሟል። ፋንድያው ለምስጡ ሌላ ምግብ፣ ለአፈሩም ማዳበሪያ ሆነ።

የወለጋ ገበሬ ለዚህ እንግዳ አይደለም። በረቱን በማሳው ላይ እያዘዋወረ አፈሩን ማዳበር የቆየ ልማዱ ነው። አስቸጋሪው ለምስጡ ቀለብ እንዲሆን የበቆሎውን አገዳ መሬት ላይ መተው ነው፤ ያው አገዳ በበጋ የከብት መኖ፣ ለምድጃም ማገዶ ነው። አገዳው ማሳው ላይ እንዲቀር ከተፈለገ ለቤቱ ሌላ መኖና ሌላ ማገዶ አስቀድሞ መገኘት አለበት።