ከሐኪም ጋራ ወደ ጀጐል የሚወርደው የእግር መንገድ

ሐረር በ16ኛው መቶ ዓመት የተጠናከረው ግንቧ ከገጠሩ ጋር የሚገናኘው በበሮቿ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ፈላና፥ ኤረር፥ ሰንጋ፥ ቡዳና ሸዋ የተባሉት አምስቱ የጥንት በሮች ለነጋዴው የገበያ ደጃፎች ናቸው። ከከተማይቱ በስተደቡብ ከቆመው ከሐኪም ጋራ የሚወርደው ባላገር ምርቱን ተሸክሞ ወይም በአህያ ጭኖ የሚመጣው በእግር መንገድ ነው፤ የሸጠበትንም ገንዘብ ይዞ ጨው፥ ስኳርና ጨርቅ የሚገዛው ከባለሱቁ ነው።

እንዲህ ያለው መንገድ በአንድ አጥር ቢዘጋ፥ ባላገሩ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፤ አለዚያም ወደ ሌላ ገበያ ይዞራል። ጉዳቱ የእግረኛው ብቻ ሳይሆን የባለሱቁም ይሆናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድንና የባሕር ዳርቻን ከሕዝብ አገልግሎት ንብረት ይቈጥራል። ዩኔስኮም ጀጐልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ነገር ግን ግንቡ ተጠብቆ ወደ በሩ የሚያደርሰው መንገድ ቢጠፋ፥ በሩ ለጌጥ ብቻ ይቀራል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ ነጋዴዎች በዚያ ጉባኤ ተገኝተው የእግር መንገዶቹ ከነስፋታቸው በፕላኑ ላይ እንዲሰመሩ መጠየቅ ይገባቸዋል። ከዚያም አስቀድሞ እያንዳንዱ ባለሱቅ በደጁ ካለው መተላለፊያ ላይ የራሱን ሸቀጥ ቢያነሣ፥ ለሌላው መልካም ምሳሌ ይሆናል።