ኪቦርድ ልግዛ ወይስ ላፕቶፕ?

«ጋሼ፣ ኪቦርድ ልግዛ ወይስ ላፕቶፕ?» ማቀናበር የሚፈልግ ወጣት ወደ እኔ ሲመጣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። እናቶችም ይደውሉልኛል። ልጃቸው ሌሊቱን ሙሉ በስልኩ ቢት ሲሠራ ያያሉ፤ ዕቁብ ደርሷቸዋል፤ ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውሉት ግን ቸግሯቸዋል። የአንድ ቤተሰብ ቁጠባ የሚወጣበት ነገር ስለሆነ መልሱን በአንድ ቃል ገላግዬ ስልኩን መዝጋት አልወድም።

እኔ በምሽት ክበብና በሠርግ ኪቦርድ ስጫወት ኖሬ፣ አሁን ቤቴ ባለችው ትንሽ ስቱዲዮ ለዘፋኞች አቀናብራለሁ። ሁለቱም አሉኝ፣ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ሰው የሚከራከረው አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ድምፅ ያምራል?» እያለ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሲጫወቱ እጅ የሚነካው ነገር ነው። ጣቴ ያሰበውን ድምፁ ይታዘዘኛል ወይ? ዜማችን ብዙ ጊዜ በሁለት ቁልፎች መካከል ስለሚያድር፣ ከሌላው ሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ይህ ጥያቄ ይመስለኛል።

ሲንተሳይዘር ድምፅን ከኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ ነው። ሞገድ የሚያመነጭ ክፍል አለው፤ ያንን ሞገድ የሚያለሰልስና የሚያጣራ ፊልተር አለው፤ ድምፁ በምን ፍጥነት ተነስቶ በምን ፍጥነት እንደሚከስም የሚወስን ሌላ ክፍልም አለው። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ሚኒሙግ ሦስት ሞገድ አመንጪዎች ነበሩት፤ በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ኮርድ አይያዝበትም። በ1983 የጃፓኑ ያማሃ ዲኤክስ 7ን ይዞ መጣ፤ አሥራ ስድስት ድምፅ በአንዴ ያወጣል፣ የደወልና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፁም ዓለምን አዳረሰ። የዲኤክስ 7 አሠራር መነሻው ጆን ቻውኒንግ የተባለ ሙዚቀኛ በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የደረሰበት ዘዴ ነው፤ አንዱ ሞገድ ሌላውን በፍጥነት ሲያወዛውዘው አዲስ ድምፅ ይወለዳል። በመሣሪያው ውስጥ ይህን የሚሠራው የቁጥር ስሌት ነው። ስለዚህ ዲኤክስ 7 ራሱ ቁልፍ የተገጠመለት ኮምፒዩተር ነበር ማለት ይቻላል።

ስሌቱ ወደ ላፕቶፕ መዛወሩ ያኔውኑ የጊዜ ጉዳይ ሆኖ ነበር። የጀርመኑ ኩባንያ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1996 ቪኤስቲ የሚባለውን፣ ፕለጊን (በሌላ ፕሮግራም ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ማስገቢያ መንገድ ከፈተ፤ በ1999 ደግሞ ኒዮን የተባለችውን ትንሽ ሲንተሳይዘር ኩቤዝ በተባለው የሙዚቃ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቶ አቀረበ። ዛሬ ዴክስድ የሚባል ነፃ ፕለጊን የዲኤክስ 7ን የድምፅ ፋይሎች እንዳሉ ከፍቶ ያነባል። ቁጥሩ አንድ፣ ስሌቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ለዚያ ድምፅ ብሎ አሮጌውን መሣሪያ በውድ መግዛት አያስፈልግም። ሚኒሙግን የመሰለው የአናሎግ ወገን ትንሽ ይለያል፤ ዕቃው እየሞቀ ሲሄድ ቃናው ይንሸራተታል፣ ሁለት ጊዜ የተመታ አንድ ኖታም ፍጹም አይመሳሰልም። ብቻውን ሲሰማ ያንን ሕይወት እወድለታለሁ። ከበሮ፣ ቤዝና ክራር ከላይ ሲጨመሩበት ግን ከሶፍትዌሩ ለይቶ የሚነግረኝ አድማጭ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን የቀዳውን «ሸሞንሟናዬ» የተባለ ካሴት ደጋግሜ ለተማሪዎቼ አሰማለሁ። በዋሊያስ ባንድ ኦርጋን የምናውቀው ኃይሉ እዚያ ላይ የልጅነት መሣሪያውን አኮርዲዮንን ከሙግ፣ ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከዲኤክስ 7 እና ከሪትም ማሽን ጋር ብቻውን ደርቦ ተጫውቷል። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ከእኛ አገር ውጭ ያለው ወጣት ሁሉ ደነቀው። ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው «የትኛው ማሽን ነው ይሄ?» ብዬ አይደለም። የአኮርዲዮን ተጫዋች እጅ በሙግ ላይ እንዴት እንደሚናገር እንዲያዳምጡ ነው የምፈልገው፤ ሐረጉ እስትንፋስ ይወስዳል፣ ጌጡ ከአኮርዲዮኑ ጋር አንድ ነው። ኃይሉ ከዚያ በኋላ ታክሲ እየነዳ በኖረባቸው ዓመታት ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ እያወጣ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ለዚህ ዓይነቱ ሕይወት ከትንሽ ኪቦርድ የሚሻል ነገር አይታየኝም። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ይበራል፣ ይጫወታል።

አሁን ወደ እጅ ልመለስ። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው። የተጫዋቹ ጣት ክሩን ከጎን እየነካ ይንሸራተታል፤ ከኖታ ወደ ኖታ የሚሄደው በመንገድ ነው፣ በዝላይ አይደለም። ይህንን በሲንተሳይዘር ላይ ለማምጣት መጀመሪያ ድምፁን ሞኖ አደርገዋለሁ፤ እንደ ሚኒሙጉ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲወጣ። ቀጥሎ ሌጋቶ የሚባለውን አበራለሁ፤ አንዱን ቁልፍ ሳልለቅ ሌላውን ስነካ ድምፁ እንደ አዲስ አይጀምርም፣ ያው የአንድ ደጋን ጉተታ ይሆናል። ከዚያ ግራ እጄ ፒች ቤንድ በሚባለው፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ጎማ ላይ ይወጣል። ኖታውን ከመምታቴ ቀደም ብዬ ጎማውን በትንሹ ወደ ታች እስበዋለሁ፤ ቀኝ እጄ እንደመታ ቀስ ብዬ እለቀዋለሁ፤ ድምፁ ከታች ተነስቶ ቦታው ላይ ይቀመጣል። በሐረጉ መጨረሻ ጎማውን በአውራ ጣቴ ጠርዝ አንቀጠቅጠዋለሁ፤ ብዙ ካንቀጠቀጥኩት የፊልም ቫዮሊን ይሆንብኛል፣ ካነስኩት ይደርቃል። የቤንዱን ስፋት ከሁለት ሴሚቶን በላይ አላደርገውም፤ ሲሰፋ እጅ ትክክለኛውን ቦታ ይስታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጎማው ጥሩ ሲሆን ነው። ዋጋቸው ዝቅ ካሉት፣ ከላፕቶፕ ጋር ከሚሰኩ ትንንሽ ሚዲ ኪቦርዶች ብዙዎቹ በጎማ ፈንታ የሚዳሰስ ፕላስቲክ ወይም ሁለት ቁልፍ ብቻ አላቸው። በእነሱ ማሲንቆ አይወጣም። አንዳንድ ልጆች ደግሞ ቤንዱን በማውስ ስክሪኑ ላይ ይስሉታል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ያምራል፤ ሲደመጥ ግን ሰው የለበትም፤ ሰው ተጫውቶት ትንሽ የሳተው ይበልጠዋል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ቅኝት ላይ ስንደርስ ግን ሚዛኑ ወደ ላፕቶፑ ያጋድላል። የፋብሪካ ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ በአሥራ ሁለት እኩል ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል 100 ሴንት ይባላል። ትዝታን ወይም ባቲን በዚያ ብትጫወተው ጆሮ ይቀበለዋል። አንቺሆዬ ላይ ዘፋኙም ማሲንቆውም አንዳንዱን ኖታ ከቁልፉ ዝቅ ወይም ከፍ አድርገው ያስቀምጡታል። አንድ ጎበዝ ልጅ ከገጠር የመጣች ዘፋኝ ቀድቶ «ጋሼ፣ እሷ ናት የምትስተው ወይስ እኔ?» ብሎ ፋይሉን አመጣልኝ። ድምጿን ብቻዋን አዳመጥን፤ ሐረጉን በመለሰች ቁጥር ያችን ኖታ እዚያው ቦታ ታሳርፋታለች። የሳተችው ነገር የለም። በላፕቶፑ ሲንተሳይዘር ላይ ያችን አንዲት ቁልፍ ብቻ በሴንት እያወረድን፣ ከድምጿ ጋር እስክትገጥም ድረስ ደጋገምን። ስትገጥም ሁለቱ ድምፆች መፋጨታቸውን አቆሙ፤ ልጁም «ኧረ!» አለ።

ሰርጅ ኤክስቲ የተባለው ፕለጊን ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ ቫይታል የተባለውም ነፃ ዓይነት አለው። ሁለቱም ስካላ የሚባለውን የቅኝት ፋይል ስለሚያነቡ የፈለግኸውን ቅኝት ጽፈህ ታስገባለህ። የመጀመሪያው ዲኤክስ 7 ቅኝት መቀየር አይችልም ነበር፤ ያንን ያመጣው ተከታዩ ዲኤክስ 7 ሁለት ነው። ለሠርግ የምንጠቀምባቸው ሪትም ያላቸው ኪቦርዶች አንዳንዶቹ ለዓረብ ሙዚቃ ተብሎ የተሠራ ስኬል ቱን አላቸው፤ ለእኛም ያገለግላል። ሲገዙ ይጠይቁ። ባንዱ ውስጥ ጊታር ካለ ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የጊታሩ ፍሬቶች የተቸነከሩ ስለሆኑ ኪቦርዱ ብቻውን ቅኝት ሲቀይር መጣላት ይመጣል።

መድረክ ላይ የላፕቶፕ ፈተና መዘግየት ነው። ላፕቶፕ ድምፁን በቁርጥራጭ እያጠራቀመ ያወጣል። በሴኮንድ 44,100 ናሙና በሚሠራበት ጊዜ ቁርጥራጩ 1,024 ናሙና ከሆነ 23 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ ድምፅ በዚያ ጊዜ ስምንት ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጣትህ መትቶ ድምፁ ከስምንት ሜትር ርቀት እንደሚመጣ ቁጠረው። ችክችካ በዚያ አይያዝም። ወደ 256 ሲወርድ ስድስት ሚሊሴኮንድ ገደማ ይሆናል፣ እጅም ይረጋጋል፤ ለዚህ ግን ደህና ሳውንድ ካርድና ለእሱ የተሠራው ድራይቨር ያስፈልጋል። በሌላ በኩል መብራት ብልጭ ብሎ ጄነሬተር እስኪነሳ ባለው ጊዜ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል። ትልቁ ኪቦርድ ግን ጠፍቶ እንደገና ይነሳል፤ ሙሽሮቹ ቆመው እየጠበቁ ፋይሉን እስኪጭን ታያለህ። ኪቦርድ ይዞ ሠርግ ለሚሄድ ሰው ትንሽ ዩፒኤስ የግድ ነው።

ስለ ገንዘቡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ሲንተሳይዘር ዋጋው አብሮ ሄደ፤ ቀረጡም በላዩ አለ። ሶፍትዌር ቀረጥ ባይኖርበትም የዶላር ካርድ ይፈልጋል፤ ያ ካርድ በስንቱ እጅ አለ? ስለዚህ ልጆቻችን ክራክ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራጭ ሶፍትዌር፣ ውስጥ ይገባሉ። ችግራቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ክራኩ ቫይረስ ይዞ ይመጣና የወር ሥራ ያጠፋል። ዘፈናችን ያለ ፈቃድ ሲባዛ የምንጮህ ሰዎች የሌላውን ላብ በነፃ መውሰድ አይገባንም። በዚያ ላይ ከላይ የጠቀስኳቸው ነፃ ፕለጊኖች ሕጋዊ ናቸው፤ ጀማሪ አቀናባሪ ለአልበሙ የሚያስፈልገውን የሲንተሳይዘር ድምፅ ከእነሱ ማግኘት ይችላል።

ሁለቱም ያረጃሉ፤ አረጃጀታቸው ግን ይለያያል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ካታሊና የተባለውን የማክ ሥርዓት ሲያወጣ የ32 ቢት ፕሮግራሞች አበቃላቸው፤ በእነሱ የተሠሩ የቆዩ ፕሮጀክቶችም ያለ ድምፅ ቀሩ። ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻው በዌቭ ፋይል ቀድቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አሮጌ ሲንተሳይዘር በበኩሉ ብዙ ጊዜ በውስጡ የድምፅ ማስታወሻውን የሚይዝ ትንሽ ባትሪ አለው፤ እሱ ሲሞት የተቀመጠው ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የሮላንድ ጁኖ 106 ደግሞ በሬዚን የተሸፈኑ ቺፖቹ በዕድሜ ብዛት ይበላሻሉ። ሁለተኛ እጅ ከቀረበልህ ያንኑ አንድ ኖታ ስድስት ጊዜ እና ከዚያ በላይ በተከታታይ ምታ፤ ድምፁ በስድስቱ መስመሮች ላይ ይዞራል። አንዱ ጋ ሲደርስ ዝም ካለ ወይም ከተንቀጫቀጨ ዋጋው በዚያው ልክ መውረድ አለበት።

እንግዲህ ዕቁብ የደረሳቸው እናት ሲጠይቁኝ የምመልሰው እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ላፕቶፕ ካለ ሌላ አይግዙ፤ እውነተኛ ጎማ ያለው ባለ 49 ቁልፍ ሚዲ ኪቦርድ፣ ሳውንድ ካርድና ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይግዙለት። ላፕቶፕ ከሌለና ልጁ በመዝሙርም ሆነ በሠርግ ሰው ፊት የሚጫወት ከሆነ፣ ድምፅ ማጉያው ከራሱ ጋር ያለ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ይሻላል፤ ጎማና የዩኤስቢ ሚዲ መሰኪያ ይኑረው። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካና የጃፓን ፋብሪካዎች የተስማሙበት ቋንቋ ነው፤ ዛሬም እየሠራ ስለሆነ፣ ነገ ላፕቶፕ ሲመጣ ያው ኪቦርድ የሶፍትዌሩ እጅ ይሆናል፣ የወጣውም ገንዘብ አይባክንም።

ሱቅ ሲሄዱ ልጁን ይዘውት ይሂዱ። ሻጩ ኪቦርዱን ሲያበራ አስቀድሞ የሚያሰማው አብረቅራቂውን ሪትም ነው። ያጥፉት ይበሉ። ልጁ ግራ እጁን ጎማው ላይ አድርጎ ትዝታን በቀስታ ይጫወት፤ ጎማው ሲለቀቅ በትክክል ወደ መሃሉ መመለሱን፣ ቁልፎቹ በቀስታና በኃይል ሲመቱ ድምፁ መለየቱን ይመልከት። እነዚህ ሁለቱ ካልሆኑ፣ አንድ ሺህ ድምፅ አለው ቢባልም ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።