ቆጣሪውን ሳይሆን ፊልሙን እንመልከት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለፎቶግራፍ አንሺ የተነገረ አይደለም። ነገር ግን በአሮጌ ካሜራ ላይ ፊልም ለሚጠመጥም ሰው ከዚህ የበለጠ ምክር የሚገኝ አይመስለንም። ይህንንም የምንለው በራሳችን ላይ ደርሶ ስላየነው ነው።

በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ወደ አሶሳ ሄደን ነበር። አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፥ ወደ ሱዳን ወሰን ተጠግታ የምትገኝ፥ ማንጎ የሞላባት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት። እዚያ በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኝ አንድ ወጣት ወዳጃችን አያቱን እንድናይለት ወደ ቤታቸው ወሰደን። አዛውንቱ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፥ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። እኛም ከዘመድ የወረስነውን አሮጌ ካሜራ አወጣን። ወጣቱ የእጅ ስልኩን አውጥቶ ሊያነሣቸው ሲል፥ «ተወው፤ እኛ በፊልም አንሥተን አሳጥበን እንልክልሃለን» ብለን ከለከልነው። ቆጣሪው ከአንድ ተነሥቶ እስከ ሠላሳ ስድስት ቈጠረ። አመስግነን ተለያየን።

አዲስ አበባ ደርሰን ፊልሙ ሲታጠብ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ያጠበውን ሰው ልንወቅስ አስበን ነበር። ነገር ግን ፋብሪካው በፊልሙ ጠርዝ ላይ ያተማቸው ቍጥሮች ጠቍረው በግልጽ ይታዩ ነበር። መድኃኒቱ ቍጥሮቹን ካወጣ ሥዕሎቹንም ባወጣ ነበር። እንግዲህ ፊልሙ ብርሃን አላየም ማለት ነው። ጫፉ ከእንዝርቱ ሾልኮ፥ እኛ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ስንጠመጥም እርሱ ከቤቱ ሳይወጣ ቀርቷል። ይቅርታ ለመጠየቅና እንደገና ለማንሣት ወደ አሶሳ ስንደውል አዛውንቱ በዚያው ሰሞን ማረፋቸውን ወጣቱ ነገረን። ቍጣ አልተናገረንም፤ ዝም አለ እንጂ።

ከዚያ ወዲህ የዚህን መሣሪያ ጠባይ ጠይቀንና ፈትሸን ያገኘነውን፥ አሮጌ ካሜራ ከሣጥን አውጥተው ለሚሞክሩ ወጣቶች እናካፍላለን።

በጥንቱ አሠራር እንዲህ ያለው ስሕተት አይታሰብም ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በሠሩበት ዘመን ሥዕል በመስተዋት ላይ ይነሣ ነበር። አንሺው ለያንዳንዱ ሥዕል አንዱን መስተዋት አውጥቶ ሌላውን በእጁ ያስገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ላይካ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ግን የ35 ሚሊ ሜትር ጥቅልል ፊልም በዓለም ተስፋፋ። ሥራው ቀለለ፤ ነገር ግን የፊልሙ ጉዞ ከዓይን ተሰወረ።

የመሣሪያው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ፊልሙ ከቆርቆሮ ቤቱ ወጥቶ በሌንሱ ኋላ ያልፋል፤ ጥርስ ባለው መዘውር ላይ ተጕዞ በማጠንጠኛው እንዝርት ላይ ይጠመጠማል። ዘንጉ አንድ ጊዜ ሲሳብ ጥርሶቹ ስምንት ቀዳዳ ያህል፥ ማለትም 38 ሚሊ ሜትር ያሳልፋሉ። ሥዕሉ 36 ሚሊ ሜትሩን ይይዛል፤ ሁለቱ ሚሊ ሜትር በሥዕልና በሥዕል መካከል ወሰን ይሆናል። ቆጣሪው የተያያዘው ግን ከዘንጉ ጋር ነው። ስለዚህ የሚቈጥረው የእጃችንን ድካም እንጂ የፊልሙን ጉዞ አይደለም።

እውነቱን የሚናገረው በስተግራ በኩል ያለው የመመለሻ ቍልፍ ነው። ፊልም ካስገባን በኋላ ቍልፉን ቀስ አድርገን በቀስቱ አቅጣጫ በማዞር ልሉን ፊልም እናጠብቃለን። ከዚያም ዘንጉን ስንስብ ቍልፉ አብሮ ከዞረ ፊልሙ ተይዟል። ካልዞረ ግን ምንም ሥዕል ሳናነሣ ከፍተን ጫፉን እንደገና ማያያዝ ነው። ይህ ምርመራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ዘንጉ አልሳብ ያለ እንደሆነስ? ከሁሉ በፊት ጕልበትን እንተው። ምናልባት ፊልሙ አልቆ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከካሜራው ሥር ያለውን ትንሽ መልቀቂያ ተጭኖ ወደ ቤቱ መመለስ ነው። በግድ የሚስብ ሰው ቀዳዳዎቹን ይቀድዳል፤ ጥርሱም ብቻውን እየዞረ ሥዕሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ። ምናልባትም መዝጊያው አልተተኰሰ ይሆናል፤ ብዙ ካሜራዎች አንዱ ሥዕል ሳይነሣ ሌላው እንዳይጠመጠም ይቈልፋሉ። ለምሳሌ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን ኤኢ-1 ባትሪው ሲያልቅ መዝጊያው አይሠራም፤ ዘንጉም ተቈልፎ ይቀራል። መድኃኒቱ ባትሪ መለወጥ ብቻ ሆኖ ሳለ፥ ስንቱ ተሰብሯል ተብሎ ተጥሏል! እንደ መጀመሪያው ዞርኪ ያሉት ከሥር የሚጐርሱ ካሜራዎች ደግሞ የፊልሙ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥኖ ካልተቈረጠ ይሰነቀርባቸዋል።

ከነዚህ አንዱም ካልሆነና በውስጡ የተነሣ ሥዕል ካለ፥ በቀን ብርሃን አንክፈተው። ጨለማ ክፍል የሌለው ሰው በሌሊት መብራት አጥፍቶ፥ በወፍራም ጋቢ ውስጥ እጁን አግብቶ ፊልሙን ማውጣትና ብርሃን በማያስገባ ቆርቆሮ ውስጥ መክደን ይችላል።

በአሶሳ አካባቢ ሁለት ጠላቶች አሉ። በበጋ አቧራው ከአሮጌ ቅባት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሊጥ ይጠነክርና ጥርሶቹን ይይዛል። በረጅሙ ክረምት ደግሞ እርጥበቱ በካሜራ ውስጥ የተረሳውን ፊልም ያጣብቀዋል። ስለዚህ በበጋ ለስላሳ ብሩሽ፥ በክረምት ደረቅ ሣጥን ያስፈልጋል። ዘይት ጠብ ማድረግ ግን ክፉ ልማድ ነው፤ ዘይቱ እየተስፋፋ ወደ መዝጊያው ይደርስና ያበላሸዋል። የታችኛውን ክዳን ፈትቶ የደረቀውን ቅባት ጠርጎ፥ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ቀጭን ቅባት መንካት ይበቃል። ይህም ቢሆን ለአላዋቂ እጅ አይሆንምና ለካሜራ ሠሪ፥ እርሱ ባይገኝ ሥራውን ለሚያውቅ ሰዓት ሠሪ መስጠት ይሻላል።

ከተሠራ በኋላ የማይፈለግ ፊልም አስገብቶ፥ ክዳኑን ከፍቶ፥ በአንዱ ቀዳዳ አጠገብ በብዕር ምልክት አድርጎ ዘንጉን መሳብ ነው። ምልክቱ በያንዳንዱ ስቦሽ ስምንት ስምንት ቀዳዳ ከተራመደ ካሜራው ድኗል። አንዳንዴ ሰባት፥ አንዳንዴ ዘጠኝ ከሆነ ሥዕሉ መደራረቡ ወይም መራራቁ አይቀርምና ተመልሶ ወደ ሠሪው ይሂድ።

እኛም በቆጣሪው ቍጥር ተማምነን የአንድን ቤተሰብ አደራ አጠፋን። በመሥሪያ ቤቱም ቢሆን፥ ስንት ወረቀት እንደ ተጻፈ ቈጥሮ ሥራው መራመዱን ሳይመለከት የሚውል ሹም የእኛ ዓይነት ካሜራ ይዟል ማለት ነው። አሁን ሰው ልናነሣ ስንቀመጥ፥ ከፊቱ በፊት የመመለሻውን ቍልፍ እናያለን። የእጅ ስልኩን የሚያወጣውንም ሰው ከእንግዲህ ወዲህ «ተወው» አንልም።