ያውቁ ኖሯል? ዓለም አቀፍ ከተማን ማን ያቆማታል?
ከተማን ዓለም አቀፍ የሚያሰኘው የሕዝቧ ብዛት ብቻ አይደለም። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሯ ሳስኪያ ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ኒውዮርክን፣ ለንደንንና ቶኪዮን መርምረዋል። እንደ እሳቸው አባባል፣ በየአገሩ የተበታተነው ፋብሪካና ገበያ የሚመራው ባንኮች፣ የሕግና የሒሳብ ምርመራ ድርጅቶች ከተሰባሰቡባቸው ጥቂት ከተሞች ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለች ከተማ የምትስበው ባለሙያውን ብቻ አይደለም። ማታ ሠራተኛው ሲወጣ የቢሮውን ወለል የሚወለውል፣ በር የሚጠብቅ፣ ምግብ የሚያበስልም ያስፈልጋታል፤ ከዚህ ሥራ ብዙው በስደተኛ ትከሻ ላይ ያረፈ ነው። ይህ ሠራተኛ ከተማዋን በእጁ አቁሞ ለቤት ኪራይዋ አቅም ማጣቱ ያሳዝናል። ለስደተኛው ድርሻ ለንደን ምሳሌ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከ10 የለንደን ነዋሪዎች 4ቱ ገደማ ከብሪታኒያ ውጭ የተወለዱ ነበሩ።